ለአንድ ዲስክ ብዬ

በእናቴ ቡፌ ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ 17 የተበላሹ ዲስኮች አሉ። መሃላቸው በሚያልፍ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ እንጀራ ተነባብረው፣ በዳንቴል ተሸፍነው ተቀምጠዋል። በ2001 ዓ.ም. ክረምት አንድ በአንድ ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ልጥላቸው ስል እናቴ ከእጄ ተቀበለችኝ። «ልጄ እንቅልፍ ያጣበት ነው፤ ቆሻሻ ላይ አይጣልም» አለች። ምን እንዳለባቸው አታውቅም ነበር። እኔ ግን ምንም እንደሌለባቸው እርግጠኛ ነበርኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእህቴ ሠርግ ነው። ጊዜው ጥር 1988 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዲቪዲ የሚባለው ነገር ያኔ ገና ገበያ አልወጣም፤ ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው ከዚያ 10 ወር ያህል ቆይቶ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ትከሻው ላይ የሚሸከመውን ትልቅ ካሜራ ይዞ መጣ። ከኋላው አንድ ልጅ መብራት ይዞለት፣ ረጅሙን ገመድ እየጎተተ ይከተለዋል። መብራቱ በዞረበት ሁሉ ወንዶቹ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከፊቱ አንጠፋም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁሉም ነገር፣ ከዋዜማው ሽር ጉድ እስከ መልሱ ጭፈራ፣ በአንድ ባለ 180 ደቂቃ ካሴት ተጠቃሎ መጣልን። ጀርባው ላይ የሙሽሮቹ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል።

እኛ ቤት ዴክ አልነበረም። ዴክ የነበራት እታለም ናት፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ከትልቅ እስከ ትንሽ ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሷ ቤት እንሰበሰባለን፣ ቡና ይፈላል፣ ካሴቱ ይገባል። «ይህን ዝለለው» የሚል ሰው አልነበረም። አንድ ጎረምሳ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ሲደረድር አምስት ደቂቃ ሙሉ ይታያል፤ እኛም አምስት ደቂቃ ሙሉ እናየዋለን። «ይኼ የእነ እገሌ ልጅ አይደለም? እንዴት ተመዟል!» ይባላል። ምስሉ ላይ ነጭ መስመር መሮጥ ከጀመረ እታለም ትነሳና የዴኩን ጀርባ በመዳፏ መታ ታደርገዋለች። አንዳንዴ ይሠራል።

እህቴ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ሄደች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጠች፣ ሁለት ልጅ ወለደች። በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ስልክ ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጆቼ ሠርጌን አይተው አያውቁም። ይኼን ካሴት ወደ ዲቪዲ ገልብጥልኝና ሰው ሲመጣ ላክልኝ።» እኔ 26 ዓመቴ ነበር። ኮምፒውተር አውቃለሁ። «ሳምንት አይፈጅብኝም» አልኳት።

ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ኮምፒውተሬ ፔንቲየም 4 ነበር፤ ሃርድ ዲስኩ 80 ጊጋባይት። ዲቪዲ የሚጽፍ ድራይቭና ቪዲዮ የሚቀበል ካርድ ገዝቼ አስገባሁበት። ዴኩን ከእታለም ተዋስኩ። ቢጫውን ገመድ ለምስሉ፣ ቀዩንና ነጩን ለድምፁ ሰክቼ አስጀመርኩት። ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ሦስት ሰዓት የተቀረጸውን ለማስገባት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ግድ ነው። ተቀመጥኩ። 71ኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። ካሴቱን መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እንደገና 71ኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ የተጎዳ መስሎኝ የካሴቱን ክዳን ከፍቼ ጥቁሩን ክር በባትሪ መብራት ስንዝር በስንዝር አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ሦስት ቀን ካሴቱን ስጠረጥር ከረምኩ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ሃርድ ዲስኬ ፋት 32 በሚባለው በድሮው አሠራር የተሰናዳ ነበር፤ እሱ ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅድም። ምስሉን በሰከንድ 8 ሜጋቢት ነበር የማስገባው፤ በዚህ ልክ 4 ጊጋባይቱ የሚሞላው 71ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ዲስኩን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ስለውጠው ካሴቱ ምንም ሳይል እስከ መጨረሻው ሄደ። ሙሉው ፋይል ወደ 11 ጊጋባይት ሆነ።

ቀጥሎ ድምፁ አስቸገረ። መጀመሪያ ከምስሉ ጋር እኩል ይሄዳል፤ እየቆየ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ መልሱ ጋ ሲደርስ ሴቶቹ አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው እልልታው የሚመጣው። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ሌሊት አደርኩ። ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ሲደረብበት አንዳንድ ፍሬም ይጥላል። በሰከንድ ከሚያልፉት 25 ፍሬሞች አንዱ ቢጎድል ዓይን አያውቀውም፤ የሦስት ሰዓቱ ጉድለት ሲጠራቀም ግን ምስሉ ድምፁን ጥሎት ይሄዳል። አንቲቫይረሱን ዘጋሁ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ አጠፋሁ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማውዙን ሳልነካ አይጥ እንደምትጠብቅ ድመት ተቀምጬ እንደገና አስገባሁት። እልልታው ወደ ሴቶቹ አፍ ተመለሰ።

መብራት በዚያ ክረምት በፈረቃ ነበር፤ አለ በተባለበት ቀንም ይሄዳል። ከዲስክ ጋር የነበረኝ ትግል ግማሹ ከመብራት ጋር ነበር። 11 ጊጋባይቱን አንድ ዲስክ ላይ ለማስገባት መጨመቅ ነበረበት፤ ዲስኩ ላይ 4.7 ጊጋባይት ተብሎ ይጻፍ እንጂ ኮምፒውተሩ በራሱ አቆጣጠር የሚያየው 4.37 ነው። መጨመቁ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ሁለት ሌሊት መሃል ላይ መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀመርኩ። በሦስተኛው ተሳካና፣ ጠዋት ላይ ባዶ ዲስክ አስገብቼ በ4 እጥፍ ፍጥነት መጻፍ ጀመርኩ። በዚያ ፍጥነት አንድ ሙሉ ዲስክ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ መብራት ሄደ።

የድራይቩ ድምፅ ቀስ ብሎ ሞተ። ማታ መብራት ሲመለስ ዲስኩን አውጥቼ ገልብጬ በመብራቱ ሥር አየሁት። ሐምራዊው ገጽ ላይ፣ ከመሃሉ ቀዳዳ ተነስቶ ጠቆር ያለ ክብ አለ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ በምላጭ እንደተቆረጠ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀለሙ ፈካ ያለ ነው። ዲስክ የሚጻፈው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ሌዘሩ በዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም እያጠቆረ ይሄዳል። መብራቱ ሌዘሩን የት ላይ እንዳቋረጠው በዓይኔ ይታየኛል። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ እንኳ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ዘንጉ ላይ ሰካሁት። ከ17ቱ የመጀመሪያው፣ ከሁሉም ታች ያለው እሱ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። አራቱ በ16 እጥፍ ፍጥነት በመጻፌ ነው፤ ያን ርካሽ ዲስክ በዚያ ፍጥነት መጻፍ አይገባም ነበር። ሦስቱ ላይ ፋይሉን እንዳለ ስለጫንኩት ኮምፒውተር ያነበዋል፣ የዲቪዲ ማጫወቻ ግን «ዲስክ የለም» ይላል፤ ማጫወቻው የሚያውቀው ቪዲዮ ቲኤስ የሚባለውን ማኅደርና በውስጡ በቅደም ተከተል የተሰናዱትን ፋይሎች ብቻ ነው። ሁለቱን ፋይናላይዝ ሳላደርግ፣ ማለትም ጽሑፉን ሳልዘጋ፣ አወጣኋቸው። ሌሎቹን ደግሞ መብራት በላቸው፤ ከጓደኛዬ ዩፒኤስ እስክዋስ ድረስ። በመጨረሻ የተሳካው ዲስክ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጠቅልሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሶ፣ እዚያ አልሠራም። እኛ አገር ምስሉ ፓል ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፤ ወደ 30 የሚጠጋ፣ መስመሩም ያነሰ። የእኛ አገር ቴሌቪዥን አብዛኛው ሁለቱንም ያሳያል፤ የእህቴ ማጫወቻ ግን የእኛን አልቀበልም አለ። እንደገና ለውጬ፣ እንደገና ጽፌ፣ እንደገና ሰው ጠብቄ ላክሁ። ልጆቿ ሶፋ ላይ ተደርድረው ሲያዩት የተነሱት ፎቶ በኢሜይል መጣልኝ። እስካሁን አለኝ።

ይህን ሁሉ ችግር አንድ በአንድ ፈትቼዋለሁ። አንዱን ግን ችግር ነው ብዬ አላየሁትም ነበርና እሱን ነው መጻፍ የፈለግሁት።

ያ የመጀመሪያው ዲስክ ከተቋረጠ በኋላ፣ የጨመቅሁትን ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ በደንብ አየሁት። ሦስት ሰዓት አንድ ዲስክ ላይ ሲገባ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው ከ3.5 ሜጋቢት አይበልጥም። ሰው ሲቆም ጥሩ ነው፤ እስክስታ ሲጀምር ግን ትከሻው ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘን ይበታተናል፤ የነጠላው ጥለት ይጠፋል። አላስደሰተኝም። ሁለት ሰዓት ቢሆን ለሰከንዱ 5 ሜጋቢት ይደርሰውና ምስሉ ይጠራል። ስለዚህ አንድ ሰዓት መቁረጥ ነበረብኝ። የሚቆረጠውን መምረጥ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሙሽሮቹን፣ ቃል ኪዳኑን፣ የመኪናውን ሰልፍ፣ መናፈሻውን፣ ኬኩን፣ የአባቴን ምርቃት አቆየሁ። ዋዜማውን በሙሉ አወጣሁት፤ 40 ደቂቃ ድንኳን ሲወጠር፣ ሽንኩርት ሲላጥ፣ ዶሮ ሲገነጠል። ከመልሱም 20 ደቂቃ ጭፈራ ቆረጥኩ፤ ሙሽሮቹ የሌሉበትን። ሥራዬን ሳየው ፊልም መሰለኝ፤ ኮራሁ።

እናቴ የተቆረጠውን ያየችው እኛ ቤት፣ ቡና እየቀዳች ነው። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችና ጠየቀችኝ።

«እታለም የጨፈረችውስ? ከእኔ ጋር?»

«ዲስኩ አልበቃም እማዬ።»

«አልበቃም?» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። ሁለተኛውን ቀዳች።

ሁለት ዲስክ ማድረግ እችል ነበር። ባዶ ዲስክ ርካሽ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ገና ያልተነኩ ከ30 በላይ ነበሩኝ። አንዱ ላይ እስከ ምሳው፣ ሌላው ላይ መልሱን፤ ምንም ሳይቆረጥ፣ ጥራቱም ሳይጎድል። ያን ጊዜ ይህ ሐሳብ አልመጣልኝም ብል ውሸት ነው። መጥቶልኛል። እህቴ «ዲቪዲውን» ብላ ስለጠየቀችኝ አንድ የሆነ፣ የተሟላ፣ መሃል ላይ ተነስተው የማይቀይሩት ነገር ልሰጣት ፈለግሁ። ደግሞም ሽንኩርት ሲላጥ ማን ያያል አልኩ። በእታለም ቤት እሁድ እሁድ ያን ሁሉ ሽንኩርት ቁጭ ብዬ አይቼ፣ ይህን አልኩ።

ሥራው ሲያልቅ 11 ጊጋባይቱን ከሃርድ ዲስኬ ሰረዝኩት፤ ቦታ ያዘብኝ። ካሴቱንም ከሌሎች አሮጌ ካሴቶች ጋር ለቆራሌው ሰጠሁት። በዲቪዲ አለ፣ ካሴት ምን ይሠራል አልኩ። እናቴን አልጠየቅሁም። እንዲህ ያደረገ ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ባለፉት ዓመታት ስንት ወዳጅ «ካሴቱን ጥለነዋል፣ ሲዲው ደግሞ አይነበብም» ብሎኛል። ሱቅ የሚሸጥ የፊልም ዲስክ በፋብሪካ ታትሞ የሚወጣ ነው፤ ቤት የተጻፈው ግን በቀለም የተጻፈ ነው፣ ፀሐይና ሙቀት ያነሳዋል። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ዲስክ የሚቀመጠው ቴሌቪዥኑ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ወደ ካሴቱ ልመለስ ቢሉ ደግሞ የቪኤችኤስ ዴክ መሥራት የቀጠለው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አቁሟል።

እታለም ባለፈው ዓመት አረፈች። አርባዋ ከወጣ በኋላ እናቴ አንድ ከሰዓት ጠራችኝ። ፎቶ አላት፤ ፎቶ አላጣችም። «ስትጨፍር አሳየኝ» አለችኝ።

የዛሬው ላፕቶፔ የዲስክ ቦታ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ማንበቢያ ፈልጌ ከአንድ ፎቶ ቤት ተዋስኩ። የእኛ ቤቱን ዲስክ አስገባሁ። 40 ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ እየተንተፋተፈ፣ እየቆመ መጨረሻው ላይ ደረሰ። እታለም በሁለቱ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ትሪ ይዛ፣ በሙሽሮቹ ኋላ ታልፋለች። ሦስት ሰከንድ ናት። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ የእሷም ያው የእኔ ቁራጭ ነው።

በዚያው ሰሞን የአንዲት ዘመዳችን ልጅ ሠርግ ነበር። በድሮን ተቀርጾ፣ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ሆኖ በቴሌግራም ደረሰኝ። ያምራል፤ ባለሙያው ጎበዝ ነው። ግን ለሙሽራዋ ደወልኩና «ጥሬው የት ነው?» አልኳት። «የቱ ጥሬ?» አለችኝ። ሳይቆረጥ በፊት የተቀረጸው፣ ሙሉው። ባለሙያው ጥቂት ወር ካቆየ በኋላ ለሌላ ሥራ ቦታ ስለሚፈልግ ይሰርዘዋል። ሃርድ ዲስክ ገዝተሽ ዛሬውኑ ሂጂና ተቀበዪው አልኳት፤ ምናልባት ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ደግነቱ ሄዳ ተቀበለች። ሁለት ቴራባይት ላይ አሁን ቁጭ ብሏል፤ አክስቶቿ ቡና ሲወቅጡ፣ ታናሽ ወንድሟ ወንበር ሲደረድር።

ስለ ቡፌው ያስታወሰችኝ እናቴ ናት። «እነዚያ የተበላሹብህስ?» አለች። ምንም የለባቸውም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዳንቴሉን አንስታ ዘንጉን እንደያዘ አመጣችልኝ። አንድ በአንድ እያወጣሁ ታች ያለው ላይ ደረስኩ። ገለበጥኩት። ቀለበቱ አለ። ለ15 ዓመት ጨለማ ውስጥ ስለቆየ ሐምራዊው ቀለሙ እንደ አዲስ ነው።

ያ ዲስክ የተጻፈው ምንም ሳልቆርጥ በፊት ነው። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም?

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ «ባዶ ዲስክ ነው» አለኝ። ያልተጠናቀቀ ዲስክ መጨረሻው ስላልተጻፈ እንደ ባዶ ይቆጠራል። አይሶበስተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ማውጫውን ትቶ ከውስጥ ጀምሮ የተጻፈውን ሁሉ ይፈትሻል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አስጀመርኩት። ድራይቩ ይጮሃል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይጮሃል። እናቴ ጋቢዋን ደርባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት የማይሞላ ፋይል ሰጠኝ፤ የካሴቱ መጀመሪያ። ዋዜማው። መልሱ የነበረበት ቦታ ከቀለበቱ ወዲያ እንደሆነ ለእናቴ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ልብ ብላ የሰማችኝ ግን አልመሰለኝም፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ድንኳኑ ገና ግማሹ ነው የተወጠረው። ወንዶች ገመድ ይስባሉ፤ አባቴ ኮቱን አውልቆ በሸሚዝ ቆሟል፣ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይላል። የሰፈር ሴቶች ጀሶ በተቀባው ግድግዳ ሥር ክብ ሠርተው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ይስቃሉ። ግማሾቹ ዛሬ የሉም። እናቴ ስማቸውን እየጠራች «ነፍስ ይማር» ትላለች፣ ቀጥላም «ይቺ አለች፣ እግዜር ይመስገን» ትላለች። ካሜራው ወደ ማጀቱ ዞረ። በትልቅ ብረት ድስት ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ታማስላለች፤ ጀርባዋ ነው የሚታየው። መብራቱ ሲያርፍባት ዞር አለች፤ ወዲያው የነጠላዋን ጫፍ ስባ ፊቷን ሸፈነች። የሚታየው ነጠላው፣ ግንባሯ ላይ ያለው ሻሽና ወጡ የሚንጠባጠብበት ማማሰያ ነው።

«ኧረ ተው አንተ! በዚህ ልብሴ አታንሳኝ!» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። ቪዲዮ ቀራጩ አይሄድም። እሷም ከነጠላው ውስጥ ሆና፣ ሳቋ እየቀደማት፦ «ነገ ለብሼ ስመጣ እንደ ልብህ ታነሳኛለህ።»

እናቴ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች። ድምፁን ከሰማች በኋላ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

«እስቲ ነገውን አምጣው።»

ፋይሉን ወደ ኋላ መለስኩና፣ ከድንኳኑ ጀምሬ እንደገና አሳየኋት።